አምስት ፎቶና የእናቴ እጅ

የጠየቁን አምስት ፎቶ ነበር፤ ከፊት፣ ከላይ፣ ከቀኝ፣ ከግራና ከኋላ። ፀጉሩ የታጠበና ቅባት ያልነካው እንዲሆን፣ ፎቶው በቀን ብርሃን እንዲነሳ፣ ከኋላ ያለው ግድግዳም ነጭ እንዲሆን ጽፈዋል። እኛ ቤት ነጭ ግድግዳ የለም። ስለዚህ በረንዳው ላይ ባለው የልብስ ገመድ አንሶላ ሰቀልኩና እህቴን ከፊቱ በርጩማ ላይ አስቀመጥኳት። ቅዳሜ ነበር። እናታችን ገበያ ስለሄደች ከመመለሷ በፊት መጨረስ ነበረብን።

እህቴ ሻሿን እስክትፈታ ጊዜ ወሰደባት። በአሥራ አንድ ዓመት ትበልጠኛለች። እዚሁ ዲላ አንድ መሥሪያ ቤት ውስጥ ባለጉዳይ ታስተናግዳለች። ካለፉት ሁለት ዓመታት ወዲህ ለእናታችን እንኳ ራሷን ገልጣ አታውቅም። ከግንባሯ ወደ ላይ ሦስት ጣት ያህል፣ ከጆሮዎቿም በላይ እንደዚያው ፀጉር የለም። ቆዳው እንደ ክንድ ውስጠኛው ገጽ ለስላሳ ሆኗል። ከኋላ ግን እስከ ትከሻዋ የሚወርድ ወፍራም ፀጉር አላት። ከኋላ ብቻ የሚያያት ሰው ምን ጎደላት ይላል።

«ሚጣ፣ በጣም ያስጠላል?» አለችኝ። የቤቱ ትንሽ ስለሆንኩ ዩኒቨርሲቲ ገብቼም ሚጣ ነው የምትለኝ።

«አያስጠላም።»

«እውነቱን ንገሪኝ። አንቺ ሰው ደስ እንዲለው ብለሽ ነው የምታወሪው።»

«እሺ፣ ትንሽ ያስጠላል።»

ሳቀች። ከዚያ «አንሺ በቃ፣ እማዬ ሳትመጣ» አለችና ዓይኗን ጨፈነች። ፊቷ በሚታይባቸው ፎቶዎች ሁሉ ላይ ዓይኗ ጭፍን ነው። ልንደግመው አሰብንና ተውነው። የፈለጉት ዓይኗን አልነበረም።

ፎቶዎቹ የሚሄዱት ወደ ኢስታንቡል ነው። ከኋላ ያለውን ፀጉር ከነሥሩ አንድ በአንድ እያወጡ ፊት ላይ የሚተክሉበት ቦታ አለ። ከከተማችን ነጋዴዎች አንዱ ግንባሩ አናቱ ላይ ደርሶ ወደዚያ ሄዶ፣ ዓመት ሳይሞላው ተማሪ መስሏል። ሰዉ ለሳምንት ያህል የማይገዛውን ዕቃ እየጠየቀ ሱቁ ውስጥ ጭንቅላቱን ሲያይ ሰነበተ። እህቴም ገብታ ሳሙና ከገዛች በኋላ ቀስ ብላ አድራሻውን ጠየቀችው። አባታችን ዱመርሶ ገጠር ውስጥ ከተወልን የቡና ማሳ የደረሳትን ድርሻ ለዚህ ስታስቀምጥ ቆይታለች።

ለምን ይህን ያህል እንደፈለገችው አንድ ጊዜ ጠይቄያት ነበር። «ነፋስ ሲመጣ ሁለት እጄን ወደ ራሴ ሳልልክ መንገድ መሻገር እፈልጋለሁ» አለችኝ።

የእኔ ሥራ መተርጎም ነበር። የሕክምና ቦታው ሠራተኛ በስልክ በእንግሊዝኛ ትጽፋለች፤ እኔ ወደ አማርኛ እመልሳለሁ፤ እህቴ ትመልሳለች፤ እኔ ደግሞ ወደ እንግሊዝኛ እመልሳለሁ። አንደኛ ዓመት ተማሪ ነኝ። እንግሊዝኛዬ የመጽሐፍ እንግሊዝኛ ስለሆነ እንዳልሳሳት እያንዳንዱን ቃል ሁለት ጊዜ እፈትሻለሁ። ፈተና ደርሶ ነበር። ጠዋት ዩኒቨርሲቲው ግቢ ሄጄ፣ ከሰዓት በኋላ በባጃጅ ተመልሼ፣ የእህቴን መድኃኒትና ሕመም፣ የዘመዶቻችንን ራስ ሳይቀር ስተረጉም እውላለሁ። አባታችሁ መላጣ ነበር? አልነበረም። አጎቶቻችሁስ? አንዱ ብቻ። በልጅነቷ ፀጉሯን እንዴት ትሠራ ነበር?

እዚህ ጥያቄ ላይ እህቴ ስልኩን ከእጄ ወስዳ ለረጅም ጊዜ አየችው። «ሹሩባ በይ» አለችኝ። «ከአራት ዓመቴ ጀምሮ።»

እናታችን ሹሩባ ሠሪ ናት። የቡሌ ልጅ ናት፤ እዚያ ደጋው ላይ በልጅነቷ ከእንሰት የሚወጣውን ቃጫ ስትገምድ ነው እጇ የተፈታው። ያንን እጅ ይዛ ወደ ዲላ ወረደች። አባታችን ከሞተ በኋላ በረንዳችን ላይ ሰሌን አንጥፋ፣ በርጩማዋ ላይ ተቀምጣ፣ ሴቶቹን በጉልበቶቿ መሀል እያስቀመጠች አሳድጋናለች። እጇ ጠንካራ ነው። ሙሽሮች ከፍስሐ ገነት ድረስ የሚመጡት እሷ የሠራችው ሹሩባ ወር ሙሉ ስለማይላላ ነው። አንዷ ስታቃስት «ቻዪው፤ ያልከረረ ገመድ ሸክም ይጥላል» ትላለች።

እኔ በልጅነቴ ማበጠሪያ ሳይ ጎረቤት እስኪሰማ የምጮህ ልጅ ነበርኩ። እናቴ ቶሎ ትሰለቸኝና ሁለት ቦታ አስራ ትለቀኝ ነበር። እህቴ ግን አታለቅስም። እናታችን በደንበኞቿ ፊት «ይቺን እዩ፤ ድምጿ ተሰምቶ አያውቅም» እያለች ትመርቃት እንደነበር ትንሽ ትንሽ ትዝ ይለኛል። አዲስ ዓይነት አሠራር ስትማር መጀመሪያ የምትሞክረው በእሷ ራስ ላይ ነበር።

የሐኪሙ መልስ የመጣው ክፍል ውስጥ ሳለሁ ነው። ኮሪደር ላይ ቆሜ አነበብኩት፤ ከዚያ ደብተሬ ጀርባ ላይ በጥንቃቄ ተረጎምኩት። «መንስኤው ለብዙ ዓመታት በጣም ጠብቆ የተጎነጎነ ፀጉር ነው። የፊቱ ሥር ስለሞተ ተመልሶ አይበቅልም። የኋላው ጤነኛ ስለሆነ ከእሱ ወስደን መትከል እንችላለን። ዳግመኛ ከተጎተተ ግን የተተከለውም ይጠፋል።»

እህቴን መሥሪያ ቤቷ በር ላይ ጠበቅኳትና አሳየኋት። ቆማ አነበበችው። «ሊሠሩልኝ ይችላሉ ማለት ነው» አለች። ቀጥላ «እማዬ እንዳትሰማ» አለችኝ። «የምታውቀው አንድ ሥራ ነው። ምን ልትሆን ነው?»

የዚያን ቀን እራት ላይ እናታችን ጠየቀች። ጉዞውን ታውቃለች። ለፀጉር ተብሎ ባሕር መሻገር አልተዋጠላትም፤ ሆኖም «በራስሽ ገንዘብ፣ በራስሽ ራስ» ብላ ትታዋለች።

«ታዲያ ሐኪሙ ከምን የመጣ ነው አለ?»

ወደ እኔ ነው ያየችው፤ እንግሊዝኛ የማውቀው እኔ ነኝ። እህቴን አየኋት። እህቴ ሳህኗን ታያለች።

«ከሪላክሰር ነው» አልኩ። «ከኬሚካሉና ከካውያው ሙቀት።»

እህቴ ለኮሌጅ ምረቃዋ ሐዋሳ ሄዳ ፀጉሯን በሪላክሰር አስለስልሳ ነበር። አንድ ጊዜ ብቻ። እናታችን እጇን አጨበጨበች።

«ብዬ ነበር! ብዬሽ አልነበረም? ያንን የገማ ነገር ራስሽ ላይ አታስደርጊ አላልኩሽም?»

«ብለሽኛል፣ እማዬ» አለች እህቴ።

ነገሩ እዚያ ያበቃል ብዬ ነበር። በማግስቱ ግን በረንዳው ላይ ለተቀመጡት ሁሉ ተነገረ። «የቱርክ ሐኪም ሪላክሰር ነው ብሎ ጽፏል፤ ትንሿ ልጄ ናት ያነበበችው፣ ጠይቋት።» ሴቶቹም ወደ እኔ ዞረው «እውነት ነው?» ይሉኛል። ራሴን እነቀንቃለሁ። በሳምንቱ ደንበኛ ጨመረ።

አንድ ቀን ከግቢ ስመለስ የጎረቤታችን የባለሱቋ ልጅ በእናቴ ጉልበቶች መሀል ተቀምጣለች። አንደኛ ክፍል ናት። ዓይኖቿ ወደ ላይ ተስበው ሌላ ልጅ መስላለች። ከጆሮዋ በላይ፣ ሹሩባው ከሚነሳበት ሥር፣ እንደ ጤፍ ፍሬ የደቀቁ ነጫጭ እብጠቶች ተደርድረዋል።

«አመመኝ፣ እትዬ» ትላለች ልጅቷ።

«ቻዪው የኔ ቆንጆ። እንደ ትልቋ ልጄ ጎበዝ ሁኚ። ሐኪም እንኳ ሹሩባ ምንም አያደርግም ብሏል።»

እንደዚያ ያለ ሐኪም የለም። ያልኩት እኔ ነኝ። ማስታወሻዬን ይዤ ደረጃው ላይ ተቀመጥኩና እስኪመሽ አንድም ገጽ ሳልገልጥ ቀረሁ። ለእህቴ ስነግራት ሻንጣዋን እያጸዳች ነበር። «እስክሄድ ብቻ» አለችኝ። «ስመለስ እኔው እነግራታለሁ። አሁን አቅም የለኝም፣ ሚጣ።» እኔም አልነበረኝም።

ዝግጅቱ እንዲህ ያደክማል ብዬ አላሰብኩም ነበር። ፓስፖርት ለማውጣት ሐዋሳ፣ ለቪዛ አዲስ አበባ፣ አንድ ወረቀት ጎድሎ እንደገና አዲስ አበባ። ፎቶ ቤት ውስጥ ፎቶ አንሺው ልጅ «ጆሮሽ ካልታየ አይቀበሉም፣ ሻሹን ወደ ኋላ አድርጊው» ሲላት በሩን እንድዘጋላት በዓይኗ ለመነችኝ። ከኢስታንቡል የተላከውም ዝርዝር ብዙ ነበር። በራስ የሚጠለቅ ልብስ አይሆንም፤ ከፊት ቁልፍ ያለው ሸሚዝ ይምጣ። ለአንገት ትራስ። ከሕክምናው በፊት ባሉት ቀናት ቡና አይጠጣ። ይህን የሰማችው ባለሱቋ ጎረቤታችን በሳቅ ሞተች። «ከዲላ አስነስቶ ቡና የሚከለክል ምን ዓይነት ሕክምና ነው? ባይሆን ጎመን ይከልክሉሽ!»

ከዝርዝሩ መጨረሻ ላይ ያለውን ሁለት ጊዜ አስምሬበታለሁ። የራሷ የኋላ ክፍል ላይ ቁስል፣ እብጠት ወይም መቅላት ከተገኘ ሥራው ይተላለፋል። ሹሩባ ፈጽሞ አይሠራ። ትኬቱ የማይቀየር ዓይነት ነው። የዓመት ፈቃዷም ያው አንድ ነው።

በመጨረሻው ቀን ከሰዓት በኋላ እናታችን ደንበኞቿን ሁሉ መለሰች። ሰሌኑን አራገፈችና አነጠፈችው። አዲስ ማበጠሪያና ቅባት ከአጠገቧ አስቀመጠች። እህቴ ሸሚዞቿን እያጣጠፈች ነበር።

«ነይ ቁጭ በይ» አለቻት።

«እማዬ፣ እዚያ ስደርስ ይላጩታል እኮ።»

«እስኪላጩት ድረስ የኔ ልጅ ነሽ። እንደዚህ ተበታትነሽ አውሮፕላን ውስጥ አትገቢም። ሰው የላትም እንዴ ይሉሻል። ከኋላ ብቻ ነው፤ አራት መስመር።»

«እማዬ...»

«ሁለት ዓመት ሙሉ እጄን ከራስሽ ከልክለሻል። አንድም ቀን ለምን አላልኩሽም። ዛሬ ግን መንገደኛ ነሽ።»

እህቴ ሸሚዙን አስቀመጠች። ፊቷ ላይ ያየሁት ቁጣ አልነበረም፤ ድካም ነበር። «ይሁን» አለች። መጥታ በእናታችን ጉልበቶች መሀል ተቀመጠችና ሻሿን ፈታችው።

እናታችን መጀመሪያ ጎንበስ ብላ አየች። ከዚያ መዳፏን ባዶው ቦታ ላይ አሳረፈች። «ወይ ይሄ ሪላክሰር» አለች። «ወይ ይሄ ሪላክሰር፣ የቀባሽ እጅ ይቆረጥ።» የኋላውን ፀጉር አበጠረችው፤ በማበጠሪያው ጫፍ ከፈለችው፤ የመጀመሪያውን ዘለላ ያዘች። የእህቴ ቆዳ ሲነሳ አየሁ። እህቴ ጥርሷን ነከሰች።

«እማዬ፣ አይቻልም» አልኩ።

«ምኑ ነው የማይቻለው?»

«ሹሩባ። እብጠት ካዩባት አይሠሩላትም፣ ይመልሷታል። ተጽፏል።»

«የኔ እጅ ነው እብጠት የሚያወጣው?»

እንደ ልማዴ «አይደለም» ልላት ነበር። አፌ ላይ ደርሶ ነበር። «ሪላክሰር አይደለም» አልኩ። «ሐኪሙ እንደሱ አላለም። እኔ ነኝ የዋሸሁሽ።»

«ሚጣ፣ ተይ!» አለች እህቴ።

«ምንድን ነው ታዲያ?» አለች እናታችን። ፀጉሩን አልለቀቀችም።

ስልኬን አወጣሁና ፎቶዎቹን ከፍቼ ሰጠኋት። እጇን ቀሚሷ ላይ ጠረገች፤ ቅርብ ስለማይታያት ስልኩን ከፊቷ አርቃ ያዘችው። የፊቱን አየችና አለፈችው። የቀኙ ላይ ስትደርስ ቆመች። ጣቷ ከጆሮው በላይ፣ ፀጉሩ ካለቀበት ጠርዝ ላይ፣ ከታች ወደ ላይ ቀስ ብሎ ሄደ። ይህን መንገድ በሺህ ራስ ላይ ሲሄድ አይቼዋለሁ።

«እዚህ ጋ ነው እኮ የምጀምረው» አለች። ለማንም አልነበረም። ወደ ግራው ፎቶ አለፈች። «እዚህም ጋ።»

ስልኩን መለሰችልኝ።

«ምን ብሎ ነው የጻፈው? አሁን ሳትዋሺ አንብቢልኝ።»

ደብተሬን አምጥቼ እንደተረጎምኩት አነበብኩላት። «ጠብቆ» የሚለውንም አልዘለልኩም። እናታችን ሰሌኑን እያየች ሰማች።

«ቃጫ ላይ ነው የተማርኩት» አለች። «ቃጫ ሲጎትቱት ዝም ይላል።» ከዚያ የእህቴን ራስ አየች። «አንቺስ ለምን አትነግሪኝም ነበር? ይቺ እንኳ ስትጮህ እተዋት ነበር።»

«ደስ ይልሽ ነበራ» አለች እህቴ። ጀርባዋን እንደሰጠች ነው የተናገረችው። «ድምጿ አይሰማም ስትይ ደስ ይልሽ ነበር።»

እናታችን የያዘችውን ፀጉር ለቀቀች። ማበጠሪያውን ሰሌኑ ላይ አስቀመጠችና ተነስታ ወደ ቧንቧው ሄደች። እጇን ለረጅም ጊዜ ታጠበች። እህቴ ቦታዋን ሳትለቅ ሻሿን ጭኗ ላይ ይዛ ተቀምጣለች። እኔም ይቅርታ መጠየቅ ያለብኝ የትኛዋን እንደሆነ ግራ ገብቶኝ ቆምኩ።

እናታችን ስትመለስ ወደ እኛ አልመጣችም። በግቢው በር ወጥታ ባለሱቋ ቤት ገባች። አጥሩ ቆርቆሮ ስለሆነ ሁሉም ይሰማል።

«ልጅቷን ጥሪልኝ፤ የፊቱን ልፍታላት።»

«እትዬ ምን ነካሽ? ገና አራት ቀኑ እኮ ነው!»

«ልፍታው ብያለሁ።»

«ምን አጥፍታ?»

«እሷ አይደለችም ያጠፋችው» አለች እናቴ። ስትፈታ እንደምትቆይ አውቃለሁ፤ የእሷን ሹሩባ መፍታት ከመሥራቱ ይበልጥ ይከብዳል።

በማግስቱ ማለዳ ሦስታችንም መናኸሪያ ነበርን። ጭጋግ ነበር፤ ረዳቱ «ሐዋሳ! ሐዋሳ!» እያለ ሁለት ሰው ይጎድለኛል ይላል። እኔ አራት ሰዓት ላይ ፈተና አለኝ፤ ከመድከሜ የተነሳ ቆሜ ልተኛ ደርሻለሁ። እናታችን ከትናንት ጀምሮ ከጉዞው ዝግጅት ሌላ ነገር አላወራችም። ስንቅ ያዝሽ? ትራሱን ያዝሽ? ሸሚዙን? እህቴ ሁሉንም ይዣለሁ ትላለች።

በመኪናው መስኮት ስር ቆመው ሳሉ ነፋስ መጣና የእህቴ ሻሽ ጫፉ ተፈታ። እህቴ ሁለት እጇን ወደ ራሷ ላከች። እናታችን ቀደመቻት። ሻሹን ከራሷ ላይ ሳታነሳ ዙሪያውን አስተካከለችና ከኋላ ቋጠረችው። ከዚያ እጇ ቋጠሮው ላይ እንዳለ ቆመ።

«ጠበቀብሽ?» አለቻት።

በዕድሜዬ ሙሉ ይህንን ጥያቄ ከእሷ አፍ ሰምቼ አላውቅም።

«አይ» አለች እህቴ ወዲያው። ከዚያ «ትንሽ» አለች።

እናታችን ቋጠሮውን ፈታችና እንደገና፣ ቀስ ብላ፣ አሰረችው። ረዳቱ አንድ ሰው ብቻ ቀረ እያለ ይጮሃል። «አሁንስ?» አለች እናታችን።